ከብሎካችን ሥር ያሉት በሮች

ኮንዶሚኒየም ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ዕጣው ነው። ወጣለት አልወጣለት፣ ስቱዲዮ ነው ባለ ሁለት መኝታ፣ 20/80 ነው 40/60። ስለ ፎቁ ብዙ ተብሏል፣ እዚህ ትምህርት ክፍል ውስጥም ስንት ሲኒየር ኤሴይ ተጽፎበታል። እኔ በዚህች ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ስለ ምድሩ ነው። ከሥር ስላሉት ሱቆችና በየግቢው መሐል ስለቆመችው፣ ሁላችንም «ኮሚናል» ስለምንላት ቤት።

የምኖረው ሰሚት ነው። ድሮ ቦሌ ክፍለ ከተማ ሥር ነበርን፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ለሚ ኩራ ሆነናል። ቤተሰቤ ተከራይ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ የምጽፈው ከየት ቆሜ እንደሆነ እንዲያውቀው ነው።

ነገሩ ከመነሻው ሁለት መልክ ነበረው። አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ዘመን ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ወደ ትልቅ ፕሮግራም ሲያድግ፣ መኖሪያዎቹ ለተመዝጋቢ በዕጣ ተሰጡ፣ ከሥር ያሉት የንግድ ቤቶች ግን በብዛት በጨረታ ተሸጡ። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ። ዕጣ የሚያመጣው ዕድለኛን ነው፤ ጨረታ የሚያመጣው ብር ያለውን ነው። በካሬ ሜትር ተወዳድሮ የገዛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴም አይደለም፣ የሰፈሩ ሰውም አይደለም። ያከራያል። የከፈለውን ገንዘብ ቶሎ ለመመለስ ደግሞ ኪራዩን ከፍ ማድረግ አለበት። ሰውዬው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው የሚያስገድደው።

እኛ ብሎክ ሥር አምስት በሮች አሉ። ስንገባ አንዱ ወፍጮ ቤት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይሸትና ስናስነጥስ እንውል ነበር። ሁለተኛው ጋሼ የምንላቸው ሰው ሱቅ ነው፤ ዱቤ በደብተር ይጽፋሉ፣ የአራተኛ ፎቅ ሰው ቁልፉን እሳቸው ጋ ትቶ ይወጣል። ሦስተኛው አትክልት ቤት፣ አራተኛው ፀጉር ቤት፣ አምስተኛው ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት። ከዚያ ምን ሆነ? ወፍጮ ቤቱና አትክልት ቤቱ ግድግዳቸው ፈርሶ አንድ ላይ የባንክ ቅርንጫፍ ሆኑ። ፎቶ ኮፒው የስፖርት ውርርድ ቤት ሆነ፣ እሱም ሲዘጋ ሞባይልና አክሰሰሪ ተተካ። ፀጉር ቤቱ አለ፣ ግን ለሌላ ሰው ተላልፎ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ጋሼ ብቻ ናቸው የቀሩት። እሳቸውም የኪራይ ውላቸው በየስድስት ወሩ ነው የሚታደሰው፤ ስድስት ወር በመጣ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል።

ባንኩን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ባንክ አይምጣብን እያልኩ አይደለም። ግን ቴሌብር ከገባ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የባንኮቹም አፕሊኬሽን በየስልካችን ሆኖ ሳለ፣ አንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን አራትና አምስት ቅርንጫፍ ምን ይሠራል? ባንክ የዓመታት ኪራይ በአንዴ ቅድሚያ መክፈል ይችላል። ጋሼ አይችሉም። ውድድሩ እዚያው ላይ ያልቃል።

ሁለተኛ ዓመት ላይ አሎንሶንና ክሪስታለርን ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1964 የታተመው የዊልያም አሎንሶ ሥራ፣ ቦታ ከፍ ያለ ኪራይ ለሚያቀርበው እንደሚሄድ ያስረዳል። የእኛን አምስት በሮች ልክ አድርጎ ይገልጻቸዋል፣ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1933 የጻፈው ቫልተር ክሪስታለር ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሰናል፤ ሰው ለእያንዳንዱ ዕቃና አገልግሎት ሊጓዝ የሚፈቅደው ርቀት የተለያየ ነው ይላል። ለወርቅ ፒያሳ ድረስ ይኬዳል። ለአንድ ኪሎ ሽንኩርትና ለጫማ መስፊያ ግን ማንም ታክሲ አይሳፈርም። አሁን እኛ ሰፈር እናቶች በርበሬና ሽሮ ለማስፈጨት ዕቃ ተሸክመው ታክሲ ይሰለፋሉ። የታክሲው ሒሳብ፣ የጠፋው ግማሽ ቀን፣ የወገቡ ሕመም አሎንሶ ግራፍ ላይ የለም። ባንኩ ከፍ ያለ ኪራይ ከፈለ ተብሎ ሰፈሩ አተረፈ የሚባለው ይህ ሁሉ ሳይቆጠር ነው። የኔ ጠብ እዚህ ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጣ። ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ኪራይም የሚጨመረው በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን እንዲሆን ደነገገ። አፈጻጸሙ ላይ ብዙ የሚባል አለ፤ ውሉ ላይ አንድ ዋጋ፣ በእጅ ሌላ ዋጋ የሚቀበል አከራይ ሞልቷል። ቢሆንም ቢያንስ እናቴ ማታ ማታ «ውጡ ቢሉን የት እንገባለን» ማለቷን ቀንሳለች። አዋጁ ግን ስሙ እንደሚለው የመኖሪያ ቤትን ብቻ ነው የሚመለከተው። ላይ ፎቅ የሚኖረው ተከራይ የሁለት ዓመት ዋስትና አለው፤ ሥሩ ዳቦና ዘይት የሚሸጥለት ተከራይ የለውም።

የሱቅ ኪራይ ዋጋ መንግሥት ይተምን አልልም። ከባለሱቆች ጋር ተነጋግሬ አይቸዋለሁ፣ ባለንብረቶቹም የራሳቸው እውነት አላቸው። በጨረታ ሲገዙ የተበደሩት አለ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የጣሪያና ግድግዳ ግብሩም ከፍ ብሏል። ዋጋ ቢተመን ደግሞ እንደ መኖሪያው በእጅ መቀበል ይመጣል። የምጠይቀው የጊዜ ዋስትና ነው። ሁለት ዓመት ውል፣ ልቀቅ ለማለት ደግሞ የጥቂት ወራት ማስጠንቀቂያ። ይህ ለባለንብረቱ ብዙም አይጎዳውም። ለጋሼ ግን ፍሪጅ ልግዛ አልግዛ የሚለውን የሚወስን ነገር ነው። በስድስት ወር ውል ማን ፍሪጅ ይገዛል? ለዚህ ነው እኮ ወተት እሳቸው ጋ የማይገኘው።

አሁን ወደ ኮሚናሏ ልመለስ፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከሱቆቹም ይልቅ እሷ ናት። ኮሚናል የተሠራችው ፎቅ ላይ የማይሠራ ነገር እንዲሠራባት ነው። እንጀራ መጋገር፣ በግ ማረድ፣ ትልቅ ልብስ ማጠብ፣ ለቅሶና ድግስ። የኛዋ መጀመሪያ ለመዋዕለ ሕፃናት ተከራየች፣ ቀጥሎ ጂም ሆነች፣ አሁን የዕቃ መጋዘን ናት። ባለፈው ክረምት ሦስተኛ ፎቅ ያሉ አባት ሲያርፉ ድንኳኑ የተተከለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ዝናብ ከሥር እየገባ ለቀስተኛው እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀመጠ። ኮሚናሏ አሥር እርምጃ ላይ ናት፣ በሯ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ ውስጧ የሴራሚክ ካርቶን ነው።

አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎች የቤት ባለቤቶች ሁሉ የጋራ ሀብት ናቸው ይላል፣ የማኅበሩ አባላትም ባለቤቶቹ ናቸው። ጥሩ። ግን ባለቤቶቹ የት ናቸው? ብዙዎቹ የባንክ ዕዳውን ለመክፈል ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ሌላ ቦታ ይኖራሉ። ለእነሱ ኮሚናሏ ስትከራይ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ትቀንስላቸዋለች። ግቢው ውስጥ የሚጋግረው፣ የሚያርደውና የሚያለቅሰው ተከራዩ ነው፤ እሱ ደግሞ ድምፅ የለውም። የማኅበሩ ሰዎች ሌቦች ናቸው የሚሉ ጎረቤቶች አሉ፣ እኔ አልቀበለውም። ገንዘቡ ሲገባ ደረሰኝ ይቆረጥበታል። ችግሩ ሌብነት ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። ሁሉም በሕጉ መሠረት ሆኖ ሳለ ነው ለቅሶ ዝናብ ላይ የወጣው።

ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በየዓመቱ ሲኒየር ኤሴይ ርዕስ አጣን እያልን የከረመ ርዕስ እንገለብጣለን። ሰሚት፣ አያት፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ ከሚኖሩ ተማሪዎች እያንዳንዳችን የራሳችንን ግቢ ኮሚናል ምን እየተሠራባት እንደሆነ፣ ከሥር ያሉት በሮች ከዓመት ዓመት ምን እንደሆኑ ብንመዘግብ አንድ ጥሩ ካርታ ይወጣል። ጂፒኤሱ ላብ ውስጥ አቧራ እየጠጣ ነው። መምህራን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

እኛ ተከራዮቹ ኮሚናሏ ቢያንስ ለለቅሶና ለበዓል እንድትከፈትልን ለማኅበሩ ደብዳቤ ጽፈን አስገብተናል። ማኅተም ያለው ስለሌለን በፊርማ ብቻ ነው። ጋሼም ፈርመዋል፣ ዱቤ ደብተራቸው ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ ወረቀቱን አስቀምጠው ያስፈረሙትም እሳቸው ናቸው። ጸሐፊው ተቀብሎ፣ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል ብሎናል። ጉባኤው ላይ እንድንገባ ይፈቀድልን እንደሆነ ጠይቀን መልሱን እየጠበቅን ነው።