የቴሌቪዥን ገንዘብና የባለሜዳነት ጥያቄ

በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ5 ዓመት ውል በሱፐርስፖርት መተላለፍ ሲጀምር፣ ጨዋታዎቹ እንደ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና ድሬዳዋ ባሉ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወሩ እንዲካሄዱ ተደረገ። ክለቦች አዲስ ገቢ አገኙ፤ ብዙ ደጋፊዎች ግን ቡድናቸውን በከተማቸው የማየት ዕድል አጡ።

የስርጭት ገንዘብ ውድድርን ከአካባቢው ሲነቅል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት፣ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1915 የተጣለው ፓክ 12 የተሰኘው የምዕራብ ጠረፍ ማኅበር የተሻለ የቴሌቪዥን ገቢ ፍለጋ 10 አባላቱ ስለለቀቁት በ2024 በ2 ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ቀርቶ ነበር።

ጉዳዩ ለነቀምቴም ቅርብ ነው። በከፍተኛ ሊግ ሲወዳደር የቆየው ነቀምቴ ከተማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ቢያድግና አሠራሩ ባይለወጥ፣ «ባለሜዳ» የሚባለው በሌላ ከተማ ይሆናል። ወለጋ ስታዲየም ጭር ይላል፤ ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ የሚመጣ ደጋፊም ሆነ እሱን የሚያስተናግዱ ሆቴሎችና ቡና ቤቶች ከዕድገቱ የሚያገኙት ጥቅም አይኖርም።

የማዘዋወሩ አሠራር የቀረጻ ወጪን እንደሚቀንስ አይካድም። ሆኖም ከስርጭት ገቢው የተወሰነ ድርሻ ለክልል ስታዲየሞች የመጫወቻ ሜዳ፣ መብራትና የካሜራ ቦታ ሊመደብ ይገባል፤ ቴሌቪዥን የሚሸጠው የተመልካች ስሜት የሚወለደው በየከተማው ሜዳ ነውና።