የእርድ ንግድና የነጋዴው ቃል

በድሬዳዋ በቀፊራ ገበያ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከርቤና ዕጣን ጎን ለጎን ተዘርግተው መሸጣቸው የቆየ ነገር ነው። ዛሬ ዛሬ ግን እነዚህ ዕቃዎች ለወጥና ለጢስ ብቻ መሆናቸው ቀርቶ፣ የሰውነት መቆጣትን የሚያበርዱ፣ ጉበትንና ኩላሊትን ከጉዳት የሚጠብቁ መድኃኒቶች ናቸው ሲባል በየገበያው ይሰማል።

አነጋገሩ ከባዶ የተነሣ አይደለም። የእርድ ኩርኩሚን፣ የጥቁር አዝሙድ ታይሞኪኖንና በዕጣን ውስጥ የሚገኘው ቦስዌሊክ አሲድ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ሲፈተኑ ቁጣን እንደሚቀንሱ፣ መርዝ በጉበት ላይ የሚያደርሰውንም ጉዳት እንደሚያቀሉ በብዙ ጥናት ታይቷል። ዳሩ ግን አይጥን የጠቀመ ሁሉ ሰውን ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ ኩርኩሚንም ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ነው። በኢጣልያማ የእርድ ክኒን ከወሰዱት ሰዎች የአንዳንዶቹ ጉበት በመቆጣቱ፣ የጤና ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ2022 በክኒኑ ዕቃ ላይ ለጤና ይረዳል ተብሎ እንዳይጻፍ ከልክሏል።

ከዚህ የከፋው ከንግዱ በኩል የሚመጣው ጉድለት ነው። በባንግላዴሽ አንዳንድ አዘጋጆች እርዱ ደምቆ እንዲታይ ሊድ ክሮሜት የተባለ ቢጫ ቀለም ይቀቡት ነበር፤ ቀለሙም እርሳስ ያለበት ሲሆን፣ እርሳስ አእምሮንና ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ነው። ኩላሊቱን ሊጠብቅ ገንዘቡን ያወጣ ሰው ኩላሊቱን የሚያበላሽ ነገር ይዞ ወደ ቤቱ ገባ ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ2019 ጥናቱ ሲገለጥ ሹማምንቱ በዳካ የጅምላ ገበያ ገብተው እርዱን በመሣሪያ መረመሩ፤ ሁለት ነጋዴዎችንም ቀጡ፤ ወሬውም በጋዜጣ ወጣ። በዚያው ዓመት ከተመረመረው እርድ 47 በመቶው እርሳስ ሲገኝበት፣ በ2021 ግን አንድም አልተገኘም።

ደማቁን የሚመርጠው ገዢው ነው፣ የምርመራም ወጪ ይከብዳል የሚሉ አይጠፉም። ገዢው ደማቅ መምረጡ እውነት ነው፤ መርዝ ግን አልመረጠም። ወጪውም ቢሆን ማኅበርተኞች ሲካፈሉት የሚቻል ነው፤ አንድ የተበከለ ጆንያ ቢገኝ ግን ስሙ የሚጠፋው የባለ ጆንያው ብቻ ሳይሆን የገበያው ሁሉ ነው።

ስለዚህ የቀፊራ ነጋዴ እርዱን በቅመምነቱ ይሽጥ፤ ከየት እንደ መጣ ይወቅ፤ መድኃኒት የሚወስደውን ደንበኛ አስቀድሞ ሐኪሙን እንዲጠይቅ ይንገረው። ምክር ቤቱም ከየመጋዘኑ ናሙና አስወስዶ፣ የንጹሑንም የጎደለውንም ውጤት በገበያው በር ላይ ቢያስለጥፍ መልካም ነው።