የካርቦን ገንዘብ እንሴኖ ቢመጣ፣ ማን ይቀበለዋል?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2027 ዓለም አቀፉን የአየር ንብረት ጉባኤ (ኮፕ 32) አዲስ አበባ ላይ ታስተናግዳለች። እስከዚያ ድረስ "የካርቦን ፋይናንስ" የሚለው ቃል የወረዳ ስብሰባ ድረስ መውረዱ አይቀርም። ለእኛ አካባቢ ምን ማለት እንደሆነ ከወዲሁ እንየው።

ሀብታም ሀገራት ገንዘብ የሚያፈሱበት አንዱ መንገድ የፋብሪካን ጭስ ይዞ ከመሬት በታች መቅበር ነው። የዓለም ባንክም ታዳጊ ሀገራት ለዚሁ እንዲዘጋጁ እ.ኤ.አ. በ2009 ፈንድ አቋቁሞ ነበር። የእኛ ነገር ግን ሌላ ነው። መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ነው፤ ልቀታችን የሚበዛው ከከብት፣ ከእርሻና ከደን ጭፍጨፋ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ካርቦን የሚይዘው ዛፍ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ወላይታ ሁምቦን እንይ። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከለለ፤ በአብዛኛው አዲስ ችግኝ ሳይሆን የድሮው ጉቶ ነው ያቆጠቆጠው። የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ 165 ሺህ ቶን ካርቦን ሊገዛ ተዋዋለ። ለ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት በ10 ዓመት ውስጥ ከ700 ሺህ ዶላር በላይ የሚያስገኝ ውል ነው። ሲካፈል ለአንድ ማኅበር በዓመት 10 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳል። የጋራ ሥራ ያሠራል እንጂ ቤተሰብ አያኖርም። ትልቁ ጥቅም ሣሩ፣ ማገዶውና የተረፈው አፈር ነው።

ልብ በሉ፤ ገዢው የሚከፍለው ለተተከለ ሳይሆን ቆሞ ለተለካ ዛፍ ነው። እንደ ማረቆ በርበሬ፣ ሚዛን ላይ ሳይወጣ ብር የለም። ሁምቦም ላይ ከሽያጩ በፊት ማኅበራቱ የተጠቃሚነት ማረጋገጫ በእጃቸው ይዘው ነበር።

የእኛ ፈተና እዚህ ጋ ነው። በእንሴኖ ዙሪያ መስቃንና ማረቆ በወሰን ምክንያት ደም ተፋሰዋል፤ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። የማን እንደሆነ ያልለየ ኮረብታን ካርቦን የሚገዛ የለም። ገንዘቡ ከወሰን ስምምነት በፊት ቢመጣ ደግሞ ሌላ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

ስለዚህ ማንም "ፕሮጀክት ይዘን መጣን" ሲል ሦስት ነገር ይጠየቅ። ማረጋገጫው በማን ስም ነው? ብሩ በማን አካውንት ይገባል? ግጦሹ ሲከለል ባለከብቱ ምን ያገኛል? ሦስቱም በጽሑፍ ሳይመለሱ ፊርማ አይቅደም። ከሁሉም በፊት ግን ሽማግሌዎች የጀመሩት እርቅ ዳር ይድረስ።