ልጅ ወደ ሄደበት

ቨርጂኒያ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ፣ ጡረታ ሲወጣ ወደ ቴክሳስ ወይም ወደ ፍሎሪዳ ሊዛወር እንዳሰበ አጫወተኝ። ሁለቱ ስቴቶች የራሳቸውን የገቢ ግብር አያስከፍሉም፤ ብርዳቸውም እንደ ቨርጂኒያ አይጠናም። ላስ ቬጋስ የገቡ ጓደኞቹም ኔቫዳን የመረጡት በከፊል ለዚሁ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ጥያቄውን ወደ እኔ አዞረው። «እናንተ ጋስ ጡረተኛው ከኦሮሚያ ወጥቶ ሌላ ክልል የሚገባው የት ግብር ቢቀለው ነው?»

ሳቄ መጣ። የእኛ ጡረተኛ ግብር ሸሽቶ የትም አይደርስም። የደመወዝ ግብሩ ጅማም፣ ቦንጋም፣ ባሕር ዳርም ያው ነው። በመንግሥት ሥራው የመጨረሻ ዓመታት ከደመወዙ ሲቆረጥ የነበረው 7 በመቶና መሥሪያ ቤቱ ሲጨምርለት የነበረው 11 በመቶም በክልል አይለይም። አበሉ በባንክ ስለሚገባ እኛው ሰፈር ጅማ ቦሳ አዲስ ቢቀመጥ፣ አዲስ አበባ ቦሌ ቢቀመጥ የሚቀበለው ያንኑ ነው። የጣሪያና ግድግዳ ክፍያ እርግጥ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ በእሱ ተማርሮ ክልል የቀየረ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። በጅማ ዝናብ የሚያማርር ሞልቷል፤ ጉልበቴን ጨረሰኝ እያለ እዚሁ ዝናቡ ውስጥ ያረጃል።

ሆኖም ሰው ይሄዳል። ባለፈው በጋ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ጎረቤታችን ቤታቸውን ሸጠው ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ ሲያስጭኑ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊያግዝ ወጣ። ያስቸገረን የዋንዛ ቁምሳጥኑ ነበር፤ እዚሁ ጅማ የተሠራ፣ ለሰርጋቸው የተገዛ፣ አራት ጎረምሳ የሚያንገዳግድ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ በስልክ «እማዬ፣ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ አይዞርም አልኩሽ እኮ፣ እዚያው ተዪው» ትላለች። እናት ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሡ ወደ እኛ ዞረው «ይዞራል፤ ፍታችሁ ጫኑት» አሉ። አናጢ ተጠርቶ ተፈታ፣ ሳንቃ ሳንቃው ከፍራሹ ሥር ተጫነ። የጓሮው ቡና ግን ተፈትቶ የሚጫን አይደለምና ለገዢው ቀረ።

«እትዬ፣ በስተርጅና ምን አስነሣዎት?» አልኳቸው።

«እንዴት ምን አስነሣኝ ትላለህ? ልጆቼ በሙሉ እዚያ አይደሉም እንዴ!»

ክርክሬ ከዚህ ይነሣል። እኒህ ሴት ከጅማ የወጡት አይሱዙው የተጫነ ዕለት አይደለም። የመጀመሪያ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ዕለት ነው የወጡት፤ አካላቸው ብቻ ዘገየ።

የምደባውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ተማሪው ምርጫውን ይሞላል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባል፤ የጅማው ልጅ ሐረማያ ወይም ጎንደር ወይም አርባ ምንጭ ይደርሰዋል፣ የወሎውና የሲዳማው ልጅ ፍራሹን ተሸክሞ ጅማ መናኸሪያ ይወርዳል። አሳቡን አልነቅፍም። አገሩን የማያውቅ ወጣት አገሩን የሚያይበት ሌላ መንገድ ብዙ የለውም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ከተማችን ከየክልሉ የመጣ ልጅ ስታስተምር ኖራለች። ነገር ግን ልጁ ዲግሪውን ሲይዝ ወደ ጅማ አይመለስም፤ እዚህ የተማረውም እዚህ አይቀርም። ሁለቱም አዲስ አበባ ይገናኛሉ።

ለምን? ጅማ ያላት ቡና ነዋ። ቡናው አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ የቡ፣ ጌራ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ከዚያ በጆንያ ተሞልቶ የጊቤን በረሃ ይሻገራል። የላኪው ቢሮ፣ ትልልቁ ማበጠሪያ፣ ብድሩን የሚፈቅደው የባንክ ኃላፊ፣ ከውጭ ገዢ ጋር የሚነጋገረው የሽያጭ ሠራተኛ የሚገኙት ወደ 350 ኪሎ ሜትር ርቀው፣ አዲስ አበባ ነው። ለለቃሚና ለጫኝ እዚህ ሥራ አለ፤ ሒሳብ ለተማረ ልጅ ያለው እዚያ ነው። ለለቀማው ከዳውሮና ከከፋ ሰው ሲመጣ፣ በዚያው ወር የጅማ ምሩቅ የሥራ ማመልከቻውን ይዞ አውቶቡስ ይሳፈራል። ልጅ ቡናውን ተከትሎ ከሄደ እናት ልጇን ተከትላ መሄዷ ምን ይገርማል!

አንዳንዶች ምክንያቱ ሕክምና ነው ይሉኛል። ለጥቂት በሽታ እውነት ይሆናል። ለብዙው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከበደሌ ሕመምተኛ የሚጎርፈው ወደ ጅማ ሪፈራል ሆስፒታል አይደል? ሐኪም ፍለጋ ቢሆን ሰው ወደ እኛ በመጣ ነበር።

ቋንቋውንም መዝለል አይገባም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን ሲመርጡ ኦሮሚያ አፋን ኦሮሞን መረጠች። ትክክልም ነው፤ ብዙ ሕዝብ በገዛ አገሩ በአስተርጓሚ ሲዳኝ የኖረበት ዘመን የሚናፈቅ አይደለም። ይሁንና በእኛ ሰፈር አባቱ ከጎጃም ወይም ከጉራጌ መጥቶ በአማርኛ ክፍል የተማረ፣ አፋን ኦሮሞን ገበያ ላይ እንደ ወፍ እየተናገረ ደብዳቤ መጻፍ ግን የማይሆንለት ልጅ አለ። ይህ ልጅ ዞን መሥሪያ ቤት ሲያመለክት ይወድቃል፤ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ያልፋል። ጥፋቱን ሁሉ በክልሉ ላይ የሚከምሩ ወላጆችን ስሰማ አልስማማም። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሲማር መጽሐፉን ገልጠን ያላየነው እኛው ነን።

ፍርሃትም አለ። በ2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦ አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉና ሰው በሺዎች ሲሸሽ ያየ፣ በ2010 የጌዴኦንና የጉጂን መፈናቀል በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው፣ «ለክፉ ቀን» እያለ በብሔሩ ክልል ቦታ መግዛት ጀምሯል። ኦሮሞው ከሌላ ክልል ወደ ኦሮሚያ፣ አማራው ወደ አማራ ክልል፣ ጉራጌው ወደ ወልቂጤ። እነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ሰው አይኖርባቸውም፤ በዘበኛ ይጠበቃሉ። ጡረታ ሲደርስ ባለቤቱ የሚገባው እዚያ ቤት ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ እኔ ያየሁት አብዛኛው አይገባም። ልጆቹ የሉበትማ።

ቤቱን ሳይለቅ ክልል የቀየረም አለ። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ከቦንጋ ወይም ከዋካ ተዛውሮ ጅማ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ከገዛ ክፍለ ሀገሩ አልወጣም ነበር። በኋላ ጅማ ኦሮሚያ ሆነች፣ ቦንጋ ደቡብ። በኅዳር 2014 ደግሞ ደቡብ ምዕራብ የሚባል ክልል ተመሠረተና ቦንጋ ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆነች። ሰውዬው ቦሳ አዲስ ካለው በረንዳው ሳይነሣ ወሰኑ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ዛሬ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እናቱ ቤት ልግባ ቢል «ክልል ቀየረ» ይባላል፤ ከቀበሌው መሸኛ ማጻፍ፣ እዚያም መታወቂያ ማውጣት አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። መሸኛ የሚያጽፍ ሰው ይህን አንቀጽ ጠቅሶ ወረፋ አያሳጥርም።

መንግሥት ራሱ ሰው ያንቀሳቀሰበትም ጊዜ ነበር። በ1977ቱ ድርቅ ደርግ ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌሎችም ቦታዎች ሲያነሣ፣ ከፊሉን ያሰፈረው በከፋና በኢሉባቦር ነው። ብዙዎቹ ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው አልነበረም። ከ1995 ወዲህ የመጣው የሰፈራ ፕሮግራም ግን በየክልሉ ወሰን ውስጥ ተገደበ፤ የሐረርጌ ገበሬ ምዕራብ ኦሮሚያ ጨዋቃ ይሰፍራል፣ የወሎው ወደዚያ አይሻገርም። የደርግ ሰፋሪዎችን ታሪክ የማነሣው ለክርክሬ ምስክር ስለሚሆነኝ ነው። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ብዙዎቹ ወደ ወሎ ተመለሱ። የቀሩት ደግሞ ልጅ ወልደው፣ ቡና ተክለው ነበር። ዛሬ አርጅተዋል፤ የወሎ ናፍቆታቸው አለ፤ ልጆቻቸው ግን እዚህ ናቸው፤ ስለዚህ እዚሁ ያርፋሉ። የእኛ ነርስ ወደ አዲስ አበባ የሄዱበት ምክንያትና እነዚህ አዛውንት ያልሄዱበት ምክንያት አንድ ነው።

ገበሬው ብቻ ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። የማና ወይም የጎማ ወረዳ ቡና ገበሬ ጡረታ የሚባል ነገር የለውም፣ ሸጦ የሚሄደው መሬትም የለውም፤ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ልጁ ሳዑዲ ብትሄድ እሱ አይከተላትም። እሷ ናት የምትመለሰው፤ በ2006 ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ እንዳየነው አንዳንዴም ሳትወድ።

እንግዲህ ሽማግሌውን ጅማ ላይ የሚያስቀረው ምንድን ነው ብባል፣ ከምንም በላይ እድር ነው እላለሁ። ሠላሳ ዓመት የከፈለበት፣ ዝናብ እየመታው ሬሳ የሸኘበት፣ ድንኳን የተከለበት እድር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በቀብሩ በኩል ነገሩ ይቀልላቸዋል፤ ሟች ባረፈበት ቦታ ሳይውል ሳያድር መቀበሩ የተለመደ ነው። ክርስቲያኑ ግን «ሬሳዬን ማን ያነሣዋል?» ብሎ ይጨነቃል። አዲስ አበባ የልጃቸው ኮንዶሚኒየም የገቡ አዛውንት ስማቸውን እንኳ የማያውቅ እድር ውስጥ ከባድ መግቢያ ከፍለው እንደ አዲስ ይጀምራሉ። እዚህ የነበረው ደግሞ በደንቡ መሠረት ይሰረዛል፤ ቀብር ያልወጣ ይቀጣል፣ ቅጣቱን ያላወራረደ ይወጣል። የደንቡ ጥብቅነት ያኔ ልክ ነበር። ለአንድ ሰፈር ሰው ነው የተጻፈው፤ ሰፈሩ ግን ዛሬ ግማሹ አዲስ አበባ ነው።

ለከተማው አስተዳደር የምለው አጭር ነው። ሽማግሌ እንዲቀር ከፈለጋችሁ ልጁ የሚሠራበት ቦታ ይኑር፤ ቡናው ከጆንያ ባለፈ እዚሁ ይበጠር፣ ይቆላ፣ ይታሸግ፣ ሻጩም እዚሁ ቢሮ ይክፈት። ይህ ግን በአንድ ዓመት የሚሆን አይደለም።

በአንድ ዓመት የሚሆነው የእድሩ ጉዳይ ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖ ወደ ልጁ የሄደ አባል በሩቅ አባልነት ይመዝገብ። ወርኃዊ መዋጮውን በቴሌብር ይላክ፤ ጸሐፊው ስልኩ ላይ ደረሰኙን ያያል። ቀብር ባለመውጣቱ አይቀጣ፤ ከፈለገ በቅጣቱ ፈንታ ጥቂት ጨምሮ ይክፈል። ሬሳው ወደ ጅማ ከመጣ ድንኳኑ ይተከል፤ እዚያው ከተቀበረ ገንዘቡ ለቤተሰቡ ይላክ። ለዚህ ከጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ በቀር የሚጠበቅ ፈቃድ የለም። የቦሳ አዲስና የአካባቢው እድር ዳኞች ሆይ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ ያዙልን።