ምክሩን ብቻ ለሚሹ ሰዎች የተሰጠ መልስ

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች፥ «ከልብ ወለድ ታሪክ የሚጠቅመው ምክሩ ነውና እርሱን አውጥታችሁ ንገሩን፤ የቀረው ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ሲሉ እንሰማለን። በትምህርት ቤትም ታሪኩ ተነቦ ሳያልቅ «ጭብጡ ምንድር ነው?» የሚል መምህር አይታጣም። ይህ አሳብ ጥበብ መስሎ ይታያል እንጂ ጤፉን ሳይዘሩ እንጀራውን እንደ መጠየቅ ነው።

ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በተላከ ጊዜ ያደረገውን በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 እንመልከት። ምክሩን ቢያስቀድም ኖሮ፥ የኦርዮን ሚስት መውሰዱንና ባሏን በጦር ሜዳ ማስገደሉን ፊት ለፊት በነገረው ነበር፤ ንጉሡም ምክንያት ባላጣ ነበር። ናታን ግን ታሪክ አመጣ።

እንግዲህ ታሪኩ እንዴት እንደ ሠራ አስተውሉ። ከተማዪቱ ስም የላትም፤ ባለታሪኮቹም አንዱ ባለጠጋ፥ አንዱ ድኃ ከመባል በቀር ስም የላቸውም፤ ስለዚህ ንጉሡ ነገሩ ወደ እርሱ እንደሚመጣ አልጠረጠረም። ስለ ባለጠጋው መንጋ ብዛቱ ብቻ ተነገረ፤ የድኃው አንዲት በግ ግን ከልጆቹ ጋር ማደጓ፥ ከጽዋው መጠጣቷ፥ በብብቱ መተኛቷ አንድ በአንድ ተቈጠረ። ነቢዩ «ለድኃው እዘንለት» አላለም፤ የነገሩ አመዳደብ ራሱ አሳዘነው። ከዚህ በኋላ እንግዳ መጣ፤ ባለጠጋውም ለራሱ መንጋ ሳስቶ የድኃውን በግ አረደ። ናታን በዚህ ዝም አለ። ፍርዱን ሰጥቶ ታሪኩን የፈጸመው ዳዊት ነው፤ ያ ሰው እርሱ ራሱ መሆኑ የተገለጠለትም ከፈረደ በኋላ ነውና ማምለጫ አጣ።

«ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ መናገር ሐሰት ነው» የሚሉም አሉ። ናታንን ግን ሐሰተኛ ያለው የለም፤ ታሪኩ በበግ ስም ስለ ዳዊት የተነገረ እውነት ነበርና።

ቅኔ የተማረ ሰው ይህን አይስተውም። አንጥረኛ ቅርጹን አስቀድሞ በሰም ካልሠራ ወርቁን የሚያፈስበት አያገኝም፤ እንዲሁም ታሪኩን ንቆ ምክሩን የሚሻ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ደቀ መዛሙርቱን አስቀድማችሁ «ማን ነው? ወዴት ነው? ምን ደረሰበት? ምኑ በዝቶ ተነገረ? ምኑስ ተሸሸገ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ይህን የመለሰ ልጅ ምክሩን ከእናንተ አፍ አይጠብቅም።