ለአእምሮ ሕሙማን የቅርብ ሕክምናና የማይቋረጥ ድጋፍ

በምዕራብ ጎጃም ዞን የወምበርማ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሽንዲ ከተማና በዙሪያዋ ያሉት የገጠር ቀበሌዎች እንደ አጎራባቻቸው ቡሬ ሁሉ በበቆሎና በበርበሬ አምራችነታቸው ይታወቃሉ፡፡ በዚህ አካባቢ የአርሶ አደሩ ቤተሰብ ኑሮ የሚቆመው በአባላቱ ጉልበት ላይ ነው፡፡ ወጣቱ ያርሳል፣ ሴቷ ታርማለች፣ ልጆች ከብት ይጠብቃሉ፡፡ ከመካከላቸው አንዱ በጽኑ የአእምሮ ሕመም ሲያዝ ከማሳው የሚጎድለው የእርሱ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛውን የሚጠብቀው፣ የሚመግበውና ሕክምና ፍለጋ ይዞት የሚዞረው አስታማሚ ጉልበት ጭምር ነው፡፡

ሕመሙ የሚጀምርበት የዕድሜ ክልል ችግሩን ያከብደዋል፡፡ ስኪዞፍሬኒያ በመባል የሚታወቀው ጽኑ የአእምሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሰቀሰው በአሥራዎቹ ዕድሜ ማብቂያና በሃያዎቹ ውስጥ፣ ማለትም ወጣቱ ጎጆ በሚወጣበትና የወላጆቹን ሸክም ሊያቃልል በተቃረበበት ወቅት ነው፡፡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በቡታጅራ አካባቢ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት በመለየት ያካሄዱት ጥናት ከ1 ሺህ ሰዎች መካከል ወደ 5 የሚጠጉት በዘመናቸው በዚህ ሕመም የተያዙ መሆናቸውን አመልክቷል፡፡ ከሕሙማኑ መካከል አብዛኞቹ በወቅቱ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ፡፡

ይህ ስሌት በወምበርማ ወይም በቡሬ ገጠር የተካሄደ ቆጠራ ባይሆንም የችግሩን ስፋት ለመገመት ይረዳል፡፡ አንድ ጤና ኬላ እንዲያገለግል የታሰበው ወደ 5 ሺህ ሕዝብ ነው፡፡ የቡታጅራው ምጣኔ በዚህ ልክ ባለ ቀበሌ ውስጥ በተጠቀሰው የዕድሜ ክልል ለሚገኙት ነዋሪዎች ቢሠራበት አሥር ያህል ሰዎች በስኪዞፍሬኒያ ይያዛሉ ማለት ነው፡፡ በባይፖላር፣ በከባድ ድባቴና በሚጥል በሽታ የሚሠቃዩት ሲታከሉ ችግሩ የማይነካው ጎጥ እንደማይኖር መረዳት አያዳግትም፡፡

ይሁንና ሕሙማኑ በአደባባይ አይታዩም፡፡ ለዚህ ምክንያቱ በሕመሙ ላይ የተለጠፈው ስም ነው፡፡ በገጠሩ ማኅበረሰብ ዘንድ የአእምሮ ሕመም በልክፍት፣ በዛር፣ በቡዳ ወይም በእርግማን የሚመጣ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፡፡ “እብድ” የሚለው ስያሜም ከሕመምተኛው አልፎ በእህቱ ጋብቻና በወንድሙ ክብር ላይ ጥላውን ያሳርፋል፡፡ እ.ኤ.አ በ2001 በታተመ ሌላ የቡታጅራ ጥናት ከተጠየቁት የሕሙማን ቤተሰቦች መካከል 75 በመቶ የሚሆኑት በሕመሙ ሳቢያ መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናግረዋል፡፡

ቤተሰብ ሕመምተኛውን በሰንሰለት የሚያስርበት ልማድም ከጭካኔ ይልቅ አማራጭ ከማጣት የሚመነጭ ነው፡፡ ልጃቸው ወደ ጫካ እንዳይጠፋ፣ ገደል እንዳይገባ ወይም ከጎረቤት እንዳይጣላ የሚሰጉ ወላጆች በአቅራቢያቸው የሚያክም ሲያጡ ከምሰሶ ጋር ያስሩታል፡፡ ለጥቂት ቀናት ተብሎ የተጀመረው እሥር ወራትንና ዓመታትን ሲያስቆጥር የሕመምተኛው አካል ይጎዳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ሰብዓዊ ክብሩም ይገፈፋል፡፡

ጉዳቱ እስከ ሞት ይደርሳል፡፡ በቡታጅራ 919 ጽኑ የአእምሮ ሕሙማንን ለ10 ዓመታት የተከታተለውና እ.ኤ.አ በ2015 የታተመው ጥናት ሕሙማኑ ከሌላው የአካባቢው ሕዝብ በአማካይ ወደ 30 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አረጋግጧል፡፡ ከሞቱት መካከል ግማሽ ያህሉን ለሕልፈት የዳረጉት ተላላፊ በሽታዎች ናቸው፡፡ ይህም የአእምሮ ሕመምተኛ ሲያስለው፣ ሲያተኩሰው ወይም ሲከሳ እንደማንኛውም ሰው ሐኪም ዘንድ የሚወስደው እንደሚያጣ የሚያመለክት ነው፡፡

የሀገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ለረጅም ዘመን ከአንድ ተቋም ጋር የተቆራኘ ነበር፡፡ በ1930 ዓ.ም በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ አገልግሏል፡፡ ለሽንዲና ለቡሬ ገጠር ነዋሪ አማኑኤል መድረስ ማለት ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ መጓዝ፣ ለዚያውም የተረበሸ ሕመምተኛን በአውቶቡስ ይዞ የዓባይን በረሃ ማቋረጥና በማያውቁት ከተማ አልጋ መከራየት ማለት ነበር፡፡ በሬ ተሽጦ የተጀመረው ሕክምናም መድኃኒቱ ሲያልቅ ይቋረጣል፤ ሕመሙም ያገረሻል፡፡

ይህን ሁኔታ ለመለወጥ የተወሰዱት እርምጃዎች ቀላል አይደሉም፡፡ እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ በአማኑኤል የተጀመረው የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና አገልግሎቱ ወደ ክልል ሆስፒታሎች እንዲወርድ በር ከፍቷል፡፡ እ.ኤ.አ በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት ሲጀምር በመላ ሀገሪቱ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ብቻ ነበሩ፡፡ በ2005 ዓ.ም ይፋ የሆነው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ ከመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ጋር እንዲቀናጅ አቅጣጫ አስቀምጧል፡፡ በአማራ ክልልም በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና መሰጠቱ የጎጃም ሕመምተኛ ዓባይን ሳይሻገር እንዲታከም አስችሏል፡፡

ቀጣዩ ጥያቄ አገልግሎቱ ከዞን ከተማ ወርዶ እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ መድረስ ይችላል ወይ የሚለው ነው፡፡ ለዚህ ምላሽ የሚሰጥ ሀገራዊ ልምድ አለ፡፡ እ.ኤ.አ ከ2011 ጀምሮ በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ በተካሄደው ፕሮግራም የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አጭር ሥልጠና ወስደው ጽኑ የአእምሮ ሕሙማንን ማከም ጀምረዋል፡፡ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ ሕሙማንን በየቤቱ በመለየት ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩ ነበር፡፡ ከአንድ ዓመት በኋላ በተደረገው ግምገማ ታስረው የነበሩት ሕሙማን ድርሻ ከ25 በመቶ ወደ 11 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሏል፡፡ እ.ኤ.አ በ2022 የታተመ ተጨማሪ ጥናትም በጤና ጣቢያ የታከሙት ሕሙማን ያገኙት ውጤት በሆስፒታል በሳይካትሪ ነርስ ከታከሙት ያላነሰ መሆኑን አሳይቷል፡፡

ሶዶ እንደ ወምበርማ ሁሉ የአርሶ አደር ወረዳ ነው፡፡ በዚያ የተሳካው በጎጃም ገጠር የማይሳካበት የተፈጥሮ ምክንያት የለም፡፡ ሆኖም ከሶዶ የሚገኘው ትምህርት ሌላ ገጽታም አለው፡፡ ዋነኛው ፈተና ሕክምናውን ከማስጀመር ይልቅ ማስቀጠሉ ላይ ይታያል፡፡

ሕሙማን ሕክምና የሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች ከዕለት ኑሮ ጋር የተያያዙ ናቸው፡፡ የትራንስፖርት ገንዘብ ይታጣል፤ በእርሻና በአጨዳ ወቅት አብሮ የሚሄድ ሰው አይኖርም፤ ከብዙ መንገድ በኋላ መድኃኒት የለም መባልም ያጋጥማል፡፡ ከእነዚህ ሁሉ ትኩረት የተነፈገው የምግብ ጉዳይ ነው፡፡ አንዳንዶቹ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎትን ይጨምራሉ፡፡ በጎተራው እህል የሌለው ቤተሰብ “መድኃኒቱ ያስርባል” በሚል ሕክምናውን ያቋርጣል፡፡ በሶዶ የተካሄደ ጥናት ከባድ የምግብ ዋስትና ችግር ያለባቸው የአእምሮ ሕሙማን ድርሻ 32 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከሌሎቹ ነዋሪዎች መካከል ግን 16 በመቶ ገደማ እንደሆነ አመልክቷል፡፡ በመሆኑም በሴፍቲኔትም ሆነ በሌላ የዕርዳታ መርሐ ግብር ተጠቃሚዎች ሲለዩ የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበት ቤት መዘንጋት አይኖርበትም፡፡

የሕክምና ወጪን በተመለከተ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጠቀሜታ የጎላ ነው፡፡ መርሐ ግብሩ በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር፡፡ የመድን አባል የሆነ ቤተሰብ ካርድና ምርመራ ሳያሳስበው ክትትሉን መቀጠል ይችላል፡፡ ነገር ግን መድኃኒቱ ከጤና ተቋሙ ጠፍቶ ከግል መድኃኒት ቤት የሚገዛ ከሆነ የመድን ደብተሩ ጥቅም ይቀንሳል፡፡ እንደ ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ አሚትሪፕቲሊንና ፊኖባርቢታል ያሉት መድኃኒቶች ዋጋቸው ውድ የሚባል ስላልሆነ ወሳኙ ጉዳይ አቅርቦታቸው እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው፡፡

ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት ይህን ጉዳይ ይበልጥ አንገብጋቢ አድርጎታል፡፡ መንገድ ሲዘጋ የወር መድኃኒት የሚጠብቀው ሕመምተኛ ቀድሞ ይጎዳል፡፡ ከዚህም ሌላ ግጭት በራሱ አዲስ ሕሙማንን ይፈጥራል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩት ከአምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንደሚያጋጥመው ይገልጻል፡፡ ጤና ተቋማት መንገድ ሊዘጋ በሚችልበት ወቅት የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠታቸው፣ በወር አንድ ጊዜ የሚሰጠው መርፌም በቅርብ ጤና ጣቢያ እንዲገኝ መደረጉ የብዙ ሕሙማንን ማገርሸት ሊከላከል ይችላል፡፡

የሃይማኖት ተቋማት ሚናም ሊታለፍ አይገባም፡፡ በጎጃም ገጠር የታመመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚወሰደው ወደ ጠበል ነው፡፡ ጠበሉ ለሕመምተኛው ተስፋን፣ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይሰጣል፡፡ ችግር የሚፈጠረው ሕመምተኛው አንዱን ለማግኘት ሌላውን እንዲተው ሲገደድ ነው፡፡ በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጠበልን በአንድነት መጠቀም እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ትልቅ አርአያ ነው፡፡ በእንጦጦ ማርያም በካህናትና በአእምሮ ሐኪሞች መካከል የተደረገው ትብብርም ሁለቱ ወገኖች ለአንድ ሕመምተኛ አብረው መቆም እንደሚችሉ አሳይቷል፡፡ የንስሐ አባት “ጠበሉንም ተጠመቅ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ” ቢል ቃሉ በገጠሩ ዘንድ ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ ይደመጣል፡፡

ቤተሰብና ጎረቤትም የድርሻቸውን መወጣት ይችላሉ፡፡ ሕመምተኛው የሚሰማውን ድምፅ ወይም የሚጠረጥረውን ነገር “ውሸት ነው” ብሎ መሟገት አለመግባባትን ከማባባስ በቀር አይፈይድም፡፡ ረጋ ብሎ ማዳመጥ፣ እንቅልፉንና ምግቡን መከታተል፣ ተሽሎት ሲታይም መድኃኒቱን ያለ ባለሙያ ምክር እንዳያቋርጥ ማበረታታት ይጠቅማል፡፡ “መኖር ሰለቸኝ” የሚል ንግግር ሲሰማ እንደ ቀልድ ሳይታይ ብቻውን ሳይተው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል፡፡ ድባቴ ደግሞ ብዙ ጊዜ በራስ ምታት፣ በልብ መድከምና በሰውነት መቃጠል ስለሚገለጽ የጤና ባለሙያው ከአካላዊ ሕመሙ ባሻገር ስለ ሐዘኑና ስለ እንቅልፉ መጠየቅ ይኖርበታል፡፡

አስታማሚውም ድጋፍ ይሻል፡፡ እድሩ ለሞት እንደሚደርስ ሁሉ ለአስታማሚም ቢደርስ፣ ወንፈሉ የሕመምተኛውን ቤተሰብ ማሳ ቢያካትት፣ ጎረቤት በወር አንድ ቀን ከብቱን ቢጠብቅለት ሕክምናው የመቀጠል ዕድሉ ይጨምራል፡፡ በሶዶ የአካባቢው ተወላጆች ሠልጥነው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሕሙማን በየቤታቸው እንዲደግፉ የተደረገበት ሌላ ጥናትም፣ ከመድኃኒቱ ጋር ይህን ድጋፍ ያገኙት ሕሙማን መድኃኒት ብቻ ከሚሰጣቸው በተሻለ የዕለት ተግባራቸውን ማከናወን መቻላቸውን አረጋግጧል፡፡ የተሻለው ሰው ወደ ማሳው፣ ወደ ሰንበቴውና ወደ ገበያው ሲመለስ የሚቀበለው ማኅበረሰብ ማግኘቱ የሕክምናው አካል ነው፡፡

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን የሚያቋቁምና የሚረዳ እንክብካቤ እንደሚያደርግ ደንግጓል፡፡ ሀገሪቱ እ.ኤ.አ በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ለአእምሮ ሕሙማን ክብርና ነፃነት ዋስትና ይሰጣል፡፡ ድንጋጌዎቹ በሽንዲ ገጠር ትርጉም የሚኖራቸው የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ሲገኝ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ሲደርስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የቀረውን ሕመምተኛ “ለምን አልመጣህም?” ብላ ደጃፉ ድረስ ስትጠይቅ ነው፡፡ ያን ጊዜ ልጃቸውን ያሰሩ ወላጆች ሰንሰለቱን የሚፈቱበት አስተማማኝ ምክንያት ያገኛሉ፡፡