መሐንዲሱ አመራርንም ይማር

በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በብረታ ብረት፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በኤሌክትሪክና በእንጨት ሥራ ሙያተኞችን አፍርቷል። ይሁንና ሙያ ብቻውን ግንባታን ከዳር አያደርስም።

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ፣ በጉንደ ወይን አካባቢ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ የብረቱን ጥንካሬ በትክክል ቢያሰላም፣ ሲሚንቶው ከሰኔ ዝናብ አስቀድሞ እንዲደርስ ካላቀደ መሠረቱ ለጎርፍ፣ የሕዝብ ገንዘብም ለብክነት ይዳረጋል። ሠራተኛው ደመወዙን በወቅቱ ካላገኘ፣ የቀበሌው ነዋሪም ሂሳቡን ካላወቀ ሥራው ባለቤት ያጣል።

ስለሆነም ለልምምድ ወደ ሥራ ቦታ የሚላክ ተማሪ ንድፍ ማንበብን ብቻ ሳይሆን የዕቃ ግዥን፣ የደመወዝ መዝገብንና ሰውን ማስተባበርን ከግንበኛው ጎን ቆሞ ሊማር ይገባል። ድልድዩን የሚሻገረው ሕዝቡ ነውና፣ መሐንዲሱ ተጠያቂነቱ ለሕዝቡ ነው!